ብናኙ ይውጣ እንጂ እኔስ አልወጣም

ፍላቂት ውስጥ ባንችይርጋን የማያውቅ ሰው ቢኖር እህል አስፈጭቶ የማያውቅ ሰው ነው፤ እንዲህ ያለ ሰው ደግሞ በከተማዋ የለም። ከመናኸሪያው ወረድ ብሎ፣ የገብስ ተራውን አለፍ እንዳሉ፣ ውስጡ እስከ ጣራው ድረስ ነጭ የሆነ አንድ የቆርቆሮ ቤት ይገኛል። ወፍጮ ቤቱ የአቶ ደባሱ ነው። ሰዉ ግን «ደባሱ ዘንድ አስፈጨሁ» ብሎ አያውቅም፤ «ባንችይርጋ ዘንድ ነበርሁ» ነው የሚለው። ይህ ነገር አቶ ደባሱን ደስ ብሏቸው ባያውቅም፣ ገበያ የሚያመጣላቸው መሆኑን ስለሚያውቁ ችለውት ኖረዋል።

ሴትዮዋ አርባ አምስት ዓመቷ ነው። አጭር ናት፤ ድምፅዋ ግን ከሞተሩ በላይ ይሰማል። በዚያ ቤት አሥራ ስምንት ዓመት ፈጭታለች። መጀመሪያ የገባችው ጠራጊ ሆና ነበር። ፈጪው ሰውዬ አንድ መስከረም ለሰሊጥ አጨዳ ወደ መተማ ወርዶ በዚያው ሲቀር፣ አቶ ደባሱ ሌላ ወንድ እስኪያገኙ ድረስ «እስኪ ለሁለት ቀን ያዥልኝ» አሏት። ሁለቱ ቀን ይኸው እስከ ዛሬ አላለቀም። በመጀመሪያው ሰሞን ወንዶቹ በር ላይ ቆመው ይስቁባት ነበር። ሴት የወቀረችው ድንጋይ ዱቄት ያሻክራል እያሉ ሚስቶቻቸውን ወደ ሌላ ወፍጮ ቤት ይልኩ ነበር። እሷ መልስ አልሰጠቻቸውም። መዶሻና መሮ ይዛ፣ የላይኛውን ድንጋይ አስገልብጣ፣ አቧራው ፊቷ ላይ እየቦነነ ሙሉ ቀን ስትወቅረው ዋለች። በማግስቱ የወጣው ዱቄት የልጅ ገንፎ የሚሆን ዱቄት ነበር። የወንዶቹ ሚስቶች በሳምንቱ ተመለሱ፤ ወንዶቹም ሳቃቸውን ይዘው ሌላ ወሬ ፍለጋ ሄዱ።

ከዚያ ወዲህ ሥራዋን የሚነቅፍ አልተገኘም። ድንጋዩ ሲጠብቅና ሲላላ በድምፁ ትለየዋለች። ዱቄቱን በሁለት ጣቷ አሽታ «ገብሱ ገና እርጥብ ነው፤ አስጥተሽ ነይ» ብላ የመለሰቻት ሴት መንገድ ላይ ታጉረመርማለች እንጂ አትከራከራትም። ባል አግብታ ፈታለች፤ አንዲት ልጇን ድራለች፤ ሁለት ክፍል ቤት ሠርታለች። ይህን ሁሉ ያደረገችው ከዚያ ወፍጮ በወጣ እንጀራ ነው። ፈጪ መሆኗን የሚወስድባት ሰው ስሟን እንደወሰደባት ትቆጥረዋለች።

ሳሉ የጀመራት ከሰባት ዓመት በፊት ነው።

በእኛ አገር ብርድ የማይከሰስበት በሽታ የለም። ወገብ ቢያም ብርድ ነው። ሆድ ቢነፋ ብርድ ነው። ጥርስ ቢነቃነቅ ድድ ውስጥ የገባ ብርድ ነው። ምራት ካኮረፈችም ብርድ ሳይመታት አይቀርም። ፍላቂት ደግሞ ደጋ ናትና ለዚህ ክስ ምስክር አታጣም፤ ንፋሷ ከጥዋት እስከ ማታ ጆሮ ይቆርጣል። ስለዚህ ባንችይርጋ ስትስል የሰማ ሁሉ «ብርድ መቶሽ ነው» አላት። እሷም አመነች። ጥዋት ሞተር ስታስነሣ እጇ ከብረቱ ጋር እየተጣበቀ ብርዱን እንዴት አትጠርጥር?

አቶ ደባሱ ክፉ ሰው አይደሉም። ክፉ ቢሆኑ ኖሮ ነገሩ ይቀል ነበር፤ ከክፉ ሰው ጋር መጣላት ቀላል ነው። አንድ ቀን ሳል አጉብጧት ሲያዩ አናጢ ጠሩና የወፍጮ ቤቱን ብቸኛ መስኮት በቆርቆሮ አስሸፍነው ዙሪያውን በምስማር አስመቱት። የኋላውን በር ስንጥቅ በጆንያ ጠቀጠቁት። የፊቱንም በር «ሰው ሲገባና ሲወጣ ብቻ ይከፈት» ብለው አዘዙ። «ለአንች ብዬ ነው ባንቺ፤ ንፋስ እንዳያገኝሽ» አሏት። እሷም ጎንበስ ብላ «እግዜር ይስጥልኝ ጋሽ ደባሱ» ብላ መረቀቻቸው። ውሃ ሲወስድ እያሳሳቀ ነው የሚባለው እንዲህ ያለውን ነው።

ከዚያ ቀን ጀምሮ ዱቄቱ መውጫ አጣ። በገበያ ቀን ከጥዋት እስከ አሥራ አንድ ሰዓት ሲፈጭ፣ በቤቱ ውስጥ ወዲያና ወዲህ ያሉ ሰዎች ፊት ለፊት ቆመው አይተያዩም ነበር። ባንችይርጋ ነጠላዋን አፍና አፍንጫዋ ላይ ትጠመጥማለች፤ እስከ ምሳ ሰዓት ነጠላው በትንፋሿ ረጥቦ ሊጥ ይሆናል። ደረቷ ሲር ሲር ማለት ጀመረ። ዳገት ሲገጥማት እንደ አሮጊት ቆም እያለች መሄድ መጣ። ፌጦ ጠጣች፣ ነጭ ሽንኩርት በማር በላች፣ በጋቢ ላይ ጋቢ ደረበች። ጋቢው ወገቧን አሞቀላት፤ ደረቷን ግን አልከፈተላትም።

ሲብስባት ጠበል ሄደች። ነአኩቶ ለአብ ዋሻ ገዳም ሁለት ሳምንት ተቀምጣ ከዋሻው ጣራ የሚንጠባጠበውን ጠበል ጠጣች። በአምስተኛው ቀን ሲርታው ለቀቃት። በአሥረኛው ቀን ዳገቱን ሳታርፍ ወጣች። እያለቀሰች አመሰገነች፤ ስለቷን ሰጥታ ተመለሰች። ወፍጮ ቤት በገባች በሦስተኛው ቀን ግን ያው ሳል መልሶ አጎበጣት። «ኃጢአቴ ነው የመለሰብኝ» አለች። ካህናቱ ያላሉትን በራሷ ላይ ፈረደች። ጦርነቱ አካባቢውን ባዳረሰ ጊዜ ወፍጮው አምስት ወር ቆሞ ነበር፤ በዚያ ጊዜም ሳሏ ድራሹ ጠፍቶ ነበር። ግን በዚያ ጭንቅ ውስጥ ስለ ሳል ልብ ያለው ማን ነው?

ወሬው የተነሣው ዘንድሮ በዐቢይ ጾም መግቢያ ነው። ማን እንደጀመረው አይታወቅም። «የባንችይርጋ ነገር ብርድ አይደለም፤ የሳንባ ነቀርሳ ነው» ተባለ። «ዱቄታችን ላይ ነው የምትስለው» ተባለ። ጎረቤቷ ውሃ ስትሰጣት ብርጭቆውን ለብቻው ማስቀመጥ ጀመረች። ባንችይርጋ አየች፤ ምንም ሳትል ውሃውን ጠጥታ ብርጭቆውን ራሷ አጥባ መለሰችላት። ቤቷ ስትገባ ግን አለቀሰች።

በሳምንቱ አቶ ደባሱ አንዲት ሴት ይዘው መጡ። ሸጌ ትባላለች። ሠላሳ ስድስት ዓመቷ ነው፤ ባሏ ሞቶባት ሦስት ልጆች ታሳድጋለች።

«ሥራውን አሳዪያት» አሉ አቶ ደባሱ ወደ ግድግዳው እያዩ። «ከፋሲካ በኋላ አንች ታርፊያለሽ።»

«ደከመኝ ብዬዎት አውቃለሁ?»

«ሰው እየፈራ ነው ባንቺ። እኔ እንኳ አላመንሁም። ገበያተኛው ግን ነቀርሳ ነው ብሏል።»

«ነቀርሳ አለመሆኑን ወረቀት ይዤ ብመጣስ?»

አቶ ደባሱ አንገታቸውን አከኩ። «ወረቀት ካመጣሽማ ሌላ ነገር ነው» አሉ።

ባንችይርጋ ሸጌን አልጠላቻትም። የምትጠላበትም ምክንያት አልነበራት። ድንጋይ መወቀሩን፣ ዱቄቱ የሚወርድበትን የጨርቅ እጅጌ ማሰሩን፣ የሞተሩን ፊልትሮ በየሳምንቱ ማራገፉን አንድ በአንድ አሳየቻት። ሸጌ በሩን ገርበብ አድርጋ ስትጠርግ ያየቻት ጊዜም ጮኸችባት፦ «ዝጊው እንጂ አንች! እንደኔ ብርድ ሊመታሽ ነው?» ሸጌም ዘጋችው።

ወረቀቱን ፍለጋ ወደ ላሊበላ የሄደችው ገበያ በሌለበት ቀን ነው። እስከ ጋሸና የሄደችበት መኪና ደህና ነበር። ጋሸና ላይ የቀየረችው ሚኒባስ ግን ሰው በሰው ላይ የተጫነበት፣ ከኋላ ወንበር ሥር የበርበሬ ጆንያ የተሸጎጠበት ነበር። መስኮቶቹ በሙሉ ጥርቅም ብለዋል። ሁለት ኪሎ ሜትር ሳይሄዱ ደረቷ ተዘጋ። አየሩን ትስበዋለች፤ አይገባላትም። ያን ጊዜ ብርድ ነው፣ ንፋስ ነው የሚለውን ሁሉ ረስታ የመስኮቱን መስታወት ሳበችው።

«ሴትዮ ዝጊው እንጂ! ንፋስ ሊያገኘን ነው!» አለ ጋቢ የተከናነበ ሰውዬ።

«ያግኘን! እኔ ያጣሁት እሱን ነው!»

ረዳቱ እጁን ሰዶ ዘጋው። እሷ ከፈተችው። አንዲት እናት ልጄን ምች ሊመታብኝ ነው ብላ ጮኸች። ሰውዬው «ይህች የተለከፈች ናት» አለ። ባንችይርጋ ግን ጭንቅላቷን ወደ ውጭ አውጥታ ነበር። ሰባት ዓመት ሙሉ ስትሸሸው የኖረችው ንፋስ ፊቷን እየጠፈጠፈው ደረቷ ቀስ እያለ ሲከፈት ተሰማት። ይህ ነገር በጣም ገረማት። እስከ ላሊበላ ድረስ እየተሰደበች መስኮቱን በክርኗ ይዛ ሄደች።

ሐኪም ቤት ያየቻት ሐኪም ፈትሂያ የምትባል ወጣት ናት። ባንችይርጋ አክታ ሰጠች፣ ራጅ ተነሣች፣ አንዲት ቱቦ ሦስት ጊዜ በኃይል ነፋች። ፈትሂያ ወረቀቶቹን አገላብጣ አየችና ብዙ የማይጠየቅ ጥያቄ ጠየቀቻት።

«እናቴ፣ ከሥራ ሲያርፉ እንዴት ነዎት? በዓል ሰሞን፣ ወይም ሌላ አገር ሲሄዱ?»

ዋሻው ትዝ አላት። ዳገቱን ሳታርፍ የወጣችበት ቀን ትዝ አላት። ጦርነቱ ትዝ አላት፤ በዚያ ሁሉ ፍርሃት ውስጥ ትንፋሿ እንደ ልጅነቷ ነበር።

«ይሻለኛል» አለች ቀስ ብላ። «ጠበል ስሄድ ይሻለኛል። ወፍጮው ሲቆም ይሻለኛል።» ከዚያ ድንገት ጉልበቷን መታች። «ለካ ጠበሉ ከዱቄቱ ውስጥ አውጥቶኝ ኖሯል! እኔ ነኝ ተመልሼ የገባሁት!»

«ነቀርሳ አይደለም» አለች ፈትሂያ። «አስም ነው፤ ወደማንም አይተላለፍም። ያመጣብዎት የዱቄቱ ብናኝ ነው። ድንጋዩን ሲወቅሩ የሚነሣው አቧራም ሳንባዎን ጎድቶታል።»

«ብርዱስ?»

«ብርዱ የታመመውን ያባብሰው ይሆናል። ያሳመመዎት ግን እሱ አይደለም።»

አህያውን ፈርቶ ዳውላውን እንዲሉ፣ ሰባት ዓመት ሙሉ ሲደበደብ የኖረው ንፋሱ ነበር። ባንችይርጋ ሳቅም ለቅሶም መጣባት፤ የትኛውን እንደምታስቀድም አላወቀችም።

ፈትሂያ ወደ አፍ የሚነፋውን መድኃኒት፣ ፓፉን ሰጥታ አሳየቻት። ባንችይርጋ ተጠራጠረች።

«ይኸ ነገር አንዴ ከተጀመረ ሱስ ይሆናል ይላሉ።»

«መተንፈስም ሱስ ነው እናቴ፤ ማን ተወው?»

ይህን ብላ ሳቀችና ወዲያው ፊቷ ጠና አለ። «እውነቱን ልንገርዎት። የሚሻለው ከወፍጮ ቤቱ መውጣት ነው። በዚያ ብናኝ ውስጥ ከቆዩ መድኃኒቱም ብዙ አይረዳዎትም።»

«እኔ ልውጣ?» ባንችይርጋ ከወንበሩ ተነሣች። «አሥራ ስምንት ዓመት የለፋሁበትን ቤት እኔ ለቅቄ፣ ብናኙ ባለቤት ሆኖ ይቅር? እኔ ብወጣ ሌላ ሴት ትገባበታለች፤ አስገብተዋታልም። ብናኙ ይውጣ እንጂ እኔስ አልወጣም!»

ፈትሂያ የምርመራውን ውጤት የጻፈችበትን ወረቀት ገለበጠችና በጀርባው ላይ የቤት ሥዕል ሠራች፤ በአንዱ ግድግዳ መስኮት፣ ፊት ለፊቱ በር። ንፋስ በአንዱ ገብቶ በሌላው ይውጣ አለች። እጅጌው ከጆንያው አፍ ጋር ጠብቆ ይታሰር፣ ወለሉ ውሃ ተረጭቶበት ይጠረግ፣ ድንጋዩ ውጭ እየረጠበ ይወቀር፣ አፍንጫ ላይ ደህና መሸፈኛ ይደረግ አለች። «እንደ ልጅነትዎ ያደርገዎታል ብዬ አልዋሽዎትም» አለቻት። «የተጎዳው ተጎድቷል። እንዳይብስ ነው።» ባንችይርጋ ወረቀቱን አጥፋ ከጡቷ ሥር ከተተችው።

አቶ ደባሱ የሐኪሟን ወረቀት በሚያነብ ሰው አስነብበው ሲሰሙ ከልባቸው ደስ አላቸው። «ተመስገን! ነቀርሳ አይደለማ!» አሉ። መስኮቱ ይከፈት ስትላቸው ግን ደስታቸው ጠፋ።

«ለአንች ብዬ የዘጋሁትን? ብርድ ሊገድልሽ? ደግሞስ ንፋስ ከገባ የሰው ዱቄት በኖ ሊያልቅ አይደል? ዱቄት ጎደለብኝ ብሎ ሰው የሚጮኸው እኔ ላይ ነው።»

«ጋሽ ደባሱ፣ ያን ሞተር ይዩት» አለች። «ጭሱ ውጭ ይውጣ ብለው ቱቦ ሠርተውለታል። ዱቄት ገብቶ እንዳያፍነው ብለው ፊልትሮ ገዝተውለታል፤ በየሳምንቱም እኔ ነኝ የማራግፍለት። ለብረት ይህን ያህል ካዘኑ ለእኔ አንድ መስኮት ቢተዉልኝ ምን ነበረበት?»

መልስ ያጣ ባለንብረት የሚለው አንድ ነገር አለ። «እንግዲህ እንደ ነገርሁሽ ነው» አሉ። «ከፋሲካ በኋላ ሸጌ ትይዘዋለች። አንች ጤናሽን ጠብቂ።»

ባንችይርጋ እየተቆጣች ወደ ውስጥ ገባች። ሸጌ በተዘጋው ቤት ውስጥ ወለሉን ትጠርጋለች፤ ብናኙ ከመጥረጊያዋ ፊት እየተነሣ ራሷ ላይ ይወርድባታል። በመሃል ቆም አለችና ግድግዳውን ይዛ ሳለች። ደረቅ ሳል ነው። ባንችይርጋ አወቀችው፤ የራሷ የመጀመሪያው ዓመት ሳል ነበር።

«ምን ሆነሽ ነው?» አለቻት።

«ምንም እቱ። ብርድ ነው» አለች ሸጌ። «በሩን ሁሌ እዘጋለሁ፤ ግን ያው አገኘኝ።»

ባንችይርጋ ከዚያ በፊት በሕይወቷ እንደዚያ አፍራ አታውቅም። በሩን ዝጊ ብላ የጮኸችባት እሷ ናት። አቶ ደባሱን መርገሙን ትታ ሸጌን እጇን ይዛ ወደ ውጭ አወጣቻትና፣ ግድግዳው ሥር አስቀምጣ የሐኪሟን ሥዕል አሳየቻት፣ የሆነውን ሁሉ ነገረቻት። ሸጌ ስትሰማ ቆይታ ፈራች።

«እኔ ሦስት ልጆች አሉኝ። ይህን ሥራ መተው አልችልም።»

«እኔስ መች ተዪው አልሁሽ? እንዲገድልሽ አትፍቀጂለት ነው የምልሽ።»

በገበያው ቀን ከሦስት ሰዓት ጀምሮ የጆንያው ሰልፍ መንገዱን ይዞ ነበር። ባንችይርጋ የመጀመሪያዋን ሴት ገብስ ፈጭታ ስታበቃ ሞተሩን አጠፋችው። ሞተሩ ሲጠፋ ሁልጊዜ ሰው ይደነግጣል፤ ናፍጣ አለቀ ብሎ ነው። እሷ ደጃፉ ላይ ወጥታ ቆመች።

«መስኮቱ ካልተከፈተ ዛሬ አይፈጭም» አለች።

ጫጫታው ሌላ ገበያ ሆነ። ከሁሉ በላይ የጮኸችው ሐምዲያ ነበረች፤ መናኸሪያው አጠገብ ዳቦ ጋግራ የምትሸጥ፣ በየሳምንቱ ሁለት ጆንያ ስንዴ የምታስፈጭ ደንበኛ ናት። «ወላሂ ዱቄቴ በንፋስ ሲሄድ ቆሜ አላይም!» አለች። «አንች ስለታመምሽ እኛ ምን በወጣን! ካመመሽ ቤትሽ ተኚ!»

«ልተኛልሽ? የማይታመም ፈጪ ከየት ታመጫለሽ? ዱቄትሽ የሚበነው መስኮት ስለተከፈተ አይደለም፤ እጅጌው ስላልታሰረ ነው። እኔ አስረዋለሁ። አንድ እፍኝ ቢጎድልሽ ከእኔ ቤት ውሰጂ!»

አቶ ደባሱ እየሮጡ መጡ። ፊታቸው በርበሬ መስሏል። «ሸጌ! አስነሺው!» ብለው አዘዙ።

ሸጌ መጥረጊያዋን ግድግዳው ላይ አስደገፈች። ከቤቱ ወጣችና ባንችይርጋ አጠገብ ቆመች።

«እንዲህ ነው ነገሩ? ይህን ወፍጮ ስተክል እናንተ የት ነበራችሁ? እኔው እፈጨዋለሁ!» አሉና አቶ ደባሱ ኮታቸውን አውልቀው ወደ ውስጥ ገቡ።

«ይፍጩ ጋሽ ደባሱ» አለች ባንችይርጋ። ጎንበስ ብላም የበሩን እጀታ ያዘች። «በሩን ግን ልዝጋልዎት፤ ብርድ እንዳያገኝዎት።» ዘጋችውም።

ሞተሩ ተነሣ። አንድ ጆንያ ተፈጨ። ሁለተኛው ተጀመረ። ሰልፈኛው መጀመሪያ ይስቅ ነበር፤ በኋላ ጆሮውን ወደ በሩ ሰጠ። ከሞተሩ ድምፅ መሃል ሳል ይሰማል፤ ያርፋል፤ መልሶ ይሰማል። ሦስተኛው ጆንያ ላይ ድንጋዩ ባዶውን መሽከርከር ጀመረ፤ እህል የሚጨምርበት ሰው እንደሌለ ባንችይርጋ በድምፁ አወቀች። በሩን በርግዳ ከፈተችው።

አቶ ደባሱ ከቅንድባቸው እስከ ጫማቸው ነጭ ሆነው የበሩን መቃን ይዘው ወጡ። ዓይናቸው ያነባል። ጎንበስ ብለው ሳሉ፣ ቀና አሉ፣ መልሰው ጎነበሱ። ከሰልፉ አንዱ ከልማድ «ምነው ጋሼ፣ ምን ሆኑ?» ብሎ ጠየቃቸው። እሳቸውም ከልማድ «ብር…» አሉ። ቃሉን መጨረስ ግን አልቻሉም፤ ሳሉ ይሁን እፍረቱ የከለከላቸው እሳቸው ናቸው የሚያውቁት። ሰልፈኛው በሳቅ ፈነዳ።

ባንችይርጋ አልሳቀችም። ይህችን ሰዓት ስትጠብቅ ቆይታ ነበር፤ ስትደርስ ግን የሽማግሌው ትንፋሽ ማጠር አስፈራት። ደግፋ ንፋስ የሚነፍስበት ቦታ አስቀመጠቻቸውና ውሃ አጠጣቻቸው። ትንፋሻቸው እስኪመለስ ቆየች። ከዚያ ነው የተናገረችው።

«እርስዎ ሦስተኛውን ጆንያ አልጨረሱም፤ እኔ እንዲህ ሆኜ ነው ሰባት ዓመት የፈጨሁልዎት» አለቻቸው። «መርቄዎት ነበር ለዘጉልኝ መስኮት።»

አቶ ደባሱ ቀና ብለው አላዩዋትም። እጃቸውን ብቻ አነሡና ወደ መስኮቱ አሳዩ። ያቺ እጅ ሳትወርድ ባንችይርጋ መዶሻዋን ይዛ ገብታ ነበር። ምስማሩ ዝጎ ስለነበር ቶሎ አልወጣም፤ ሸጌ ቆርቆሮውን በጆንያ ጨርቅ ይዛ ሳበችላት። ቆርቆሮው ተገንጥሎ ሲወድቅ የቤቱ ብናኝ ሁሉ ተግተልትሎ በመስኮቱ ወጣና የገበያተኛውን ራስ ነጭ አለበሰው። ገበያተኛው እየተራገመ ራሱን አራገፈ።

ከዚህ በኋላ ያለው ሁሉ ያማረ ነበር ማለት ውሸት ነው። ሁለት ደንበኞች ዱቄታችን ጎደለ ብለው ወደ ሌላ ወፍጮ ቤት ሄዱ፤ አንዷ ተመለሰች። ጥዋት ጥዋት ቤቱ ይበርዳል፤ ባንችይርጋና ሸጌ ጋቢያቸውን በወገባቸው ታጥቀው እየተንቀጠቀጡ ይፈጫሉ። አቶ ደባሱ ፋሲካው ካለፈ በኋላ ስለ ማረፍ ነገር አላነሡም፤ ሁለቱም በሥራቸው ቀጠሉ። የሸጌ ሳል ቀነሰ። የባንችይርጋ ግን ሙሉ በሙሉ አልለቀቃትም፤ ሐኪሟ አልዋሸቻትም። ይህን ስታስብ ዛሬም ትናደዳለች። ያለፉት ሰባት ዓመታት የሚከፈል ካሣ የላቸውም፤ ማንን ትክሰስ?

አንድ ነገር ግን ለራሷ ወሰነች። መጀመሪያ ሰሞን ፓፉን የምትወስደው በር ጀርባ ተደብቃ ነበር፤ ይህን ተወች። ሰልፈኛው ፊት ቆማ፣ ክዳኑን ከፍታ፣ በደንብ ነቅንቃ ወደ ውስጥ ትስበዋለች። የሚያይ ይይ።

ባለፈው ወር እንዲሁ ስታደርግ ሐምዲያ ተራዋን ትታ ወደ ጆሮዋ ተጠጋች።

«ባንቺ» አለች በሹክሹክታ፣ ወዲያና ወዲህ እያየች። «ያ ዕቃ… እኔም እንዲሁ ያደርገኛል። ዳቦ ቤቴ መውጫ የለውም፤ ኩበቱና የባሕር ዛፉ ጭስ ዓይኔን አጥፍቶ ደረቴን ያዘው። ዓመት አልፎኛል። ለሰው አልተናገርሁም።»

«ለምን አልተናገርሽም?»

«ልጄ ልትታጭ ነዋ! በዘራቸው አስም አለ ብለው ቢተዉብኝስ? ላሊበላ ያለችው ሐኪም ማን ነበር የምትባለው? ቀስ ብለሽ ንገሪኝ፤ ሰው እንዳይሰማ።»

ባንችይርጋ ሞተሩን አጠፋችው። ሰልፉ ሁሉ ወደ እሷ ዞረ።

«ቀስ ብዬ አልነግርሽም» አለች፣ ከሞተሩ በላይ በሚሰማው ድምፅዋ። «ሰርቀሽ ነው የታመምሽው? ለልጆችሽ እንጀራ ብለሽ ስትጋግሪ ነው የታመምሽው! ጮክ ብለሽ ጠይቂኝና ጮክ ብዬ ልንገርሽ።»

የሐምዲያ ፊት ቀላ። ሻሿን ሳበችው። ወደ ሰልፉ አየች፤ ሴቶቹ ሁሉ ያዩዋታል። ከዚያ ቁጣ ይሁን ምሬት የተነሣባት አይታወቅም፤ ያን የገበያ ቀን የጮኸችበትን ድምፅ አወጣችው።

«ደረቴን ነው ያመመኝ! ጭሱ ነው ያመጣብኝ! የሐኪሟ ስም ማን ነው?»

«ፈትሂያ!» አለች ባንችይርጋ። «በጋሸና በኩል ሂጂ፣ መስኮት አጠገብ ተቀመጪ!»

ከሰልፉ ውስጥ ሦስት ሴቶች ጆንያቸውን ጥለው የሐኪም ቤቱን መንገድ ሊሰሙ ቀረቡ።